ሰዓቱ ወደ ኋላ የሄደበት ሰሞን

ባለፈው ሳምንት በብርዱ ወራት ስለሚበረታው የልጆች ሳል እቀጥላለሁ ብዬ ነበር። ሳሉ አንድ ሳምንት ይቆየን። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ሰዓት ነው፤ ያውም እዚሁ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ስለተሠራ ሰዓት። የጡረተኛ ነርስ ዓምድ ላይ ሰዓት ምን ይሠራል የምትሉ ትንሽ ታገሡኝ።

አንዳንዶቻችሁ እንደምታውቁት ባለቤቴ ፓርኪንሰን አለበት። ይህን በሽታ እ.ኤ.አ. በ1817 በጽሑፍ የገለጸው ጄምስ ፓርኪንሰን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነው፤ ስሙም ለበሽታው ቀረ። አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚያመርቱት ሕዋሳት እየሞቱ ሲሄዱ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውነት ይገታተራል፣ እርምጃ ያጥራል፣ የእጅ ጽሑፍ ሳይቀር እያነሰ ይሄዳል። ባለቤቴ የሚወስደው ሌቮዶፓ ያለበትን ኪኒን ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት። ይህ መድኃኒት ሰዓት ያውቃል። ግማሽ ሰዓት ሲዘገይ ይታወቀኛል፤ አንድ ሰዓት ከዘገየ ከወንበሩ መነሳት ያቅተዋል። የታመመ ሰው አስታምማችሁ የምታውቁ ይገባችኋል።

ባለቤቴ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው ነው። እጁ ቢንቀጠቀጥም መድኃኒቱን እኔ እንድሰጠው አይፈልግም። «እኔ ሕፃን አይደለሁም፣ አንቺም ተረኛ አይደለሽም» ይለኛል። የኪኒኑ ሳጥን ከአልጋው አጠገብ ካለችው ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣለች፤ ሰዓቱን አይቶ ራሱ ይውጣል። ችግሩ የግድግዳው ሰዓት ቀስቶች ለዓይኑ ደከሙት፤ ማታ ደግሞ ጭራሽ አይታዩትም።

ታዲያ አሜሪካ ያለችው ልጃችን ባለፈው ዓመት በመጣ ሰው እጅ አንድ ትንሽ ፌስታል ላከች። ለአባቷ ሳይሆን ለወንድሟ ልጅ ነው የላከችው፤ 10ኛ ክፍል ነው፤ የተበላሸ ሬዲዮ ካገኘ እህል አያምረውም። ፌስታሉ ውስጥ ያልተገጣጠመ የኤሌክትሮኒክ ሰዓት ነበር፤ ኪት ይሉታል። አንድ አረንጓዴ ቦርድ፣ 20 እግር ያላት ቺፕ፣ 8 እግር ያላት ጊዜ ቆጣሪ፣ እንደ ሩዝ ፍሬ የተበታተኑ ሬዚስተሮች፣ አራት ቀይ አሃዝ የሚያሳይ ዲስፕሌይ። ልጁ «ለአባባ ነው የምሠራው» አለና ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ተቀምጦ በየደው።

እኔ የበኩሌን ሕግ አውጥቼ ነበር። መስኮት ይከፈት፣ ጠረጴዛው ላይ ምግብ አይቀመጥ፣ ሲያበቃ እጅ በሳሙና ይታጠብ። የሚበየድበት ሽቦ፣ ሬዲዮ ሠሪዎች ሊድ የሚሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ ቆርቆሮና እርሳስ የተቀላቀለበት ነው። እርሳሱ በጭሱ ሳይሆን በእጅ በኩል ወደ አፍ ነው የሚገባው። ጭሱ ከሽቦው ውስጥ ካለው ሙጫ ይመጣል፤ እሱ ደግሞ አስም ያለበትን ሰው ያስነሳል። ልጁ «እማማ፣ ሆስፒታል አደረግሽው» እያለ አጉረመረመ፤ ታጠበ ግን።

ሰዓቱ ሲያልቅ በአበሻ አቆጣጠር ሞላልን። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ 1:00 ብሎ አስተካከለው፤ የ12 ሰዓት አቆጣጠር ስለነበረው ማታም አንድ ሰዓት 1:00 ነው። መብራት ሲጠፋ እንዳይረሳ ጠፍጣፋ ባትሪ አለችው፤ ለእሷ ኋላ እመለሳለሁ። ባለቤቴ የዚያን ሌሊት ከእንቅልፉ ነቅቶ ቀዩን ቁጥር ከአልጋው ላይ ሆኖ አነበበና ለብቻው ሳቀ። እንደዚያ ሲስቅ ከሰማሁት ቆይቼ ነበር።

ሦስት ወር ያህል ያለ እንከን ሠራ። ከዚያ ጥር ውስጥ አንድ ቀን ጎረቤት ለቅሶ ደርሼ ወደ 12 ሰዓት ገደማ ስመለስ ባለቤቴ ወንበሩ ላይ ድርቅ ብሎ አገኘሁት። ፊቱ አይንቀሳቀስም፣ እጁ ብቻ ይመታል። ሳጥኗን ከፈትኩ፤ የ8 ሰዓቱ ኪኒን ቦታው ላይ አለ።

«ምነው አልወሰድክም?»

ቃላቱ እየተጎተቱ «8 ሰዓት አልሆነም እኮ» አለኝ። «7 ሆነ፣ ከዚያ 6 ሆነ፣ ከዚያ 5 ሆነ። ሰዓቱ ወደ ኋላ ሄደ።»

ሰዓቱን አየሁት። 11:52 ይላል፤ ስልኬም 11:52 ይላል። ልክ ነው።

ደነገጥኩ። የደነገጥኩት በሰዓቱ አይደለም። ይህ በሽታ እየቆየ ሲሄድ አንዳንዱን ሰው ያምታታል፤ የሌለ ነገር ያሳየዋል። መድኃኒቱም ራሱ እንዲህ ሊያደርግ ይችላል። ይህንን አውቃለሁ፤ ታማሚ ግድግዳው ላይ ድመት አየሁ ሲለኝ አጠገቡ ቆሜ አውቃለሁ። ስለዚህ ያንን ቀን ስጠብቀው ኖሬ ነበርና መጣ ብዬ ተቀበልኩት። በሦስተኛው ቀን ደገመው፤ ያን ጊዜም እኔ ቤት አልነበርኩም፣ ስመለስም ሰዓቱ ልክ ነበር።

ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ሳጥኗን አነሳሁና ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩባት። «ከዛሬ ጀምሮ እኔ እሰጥሃለሁ» አልኩት። ምንም አልመለሰልኝም። ለልጄ ስልክ ደውዬ «አባትሽ ማምታታት ጀምሯል» አልኳት፤ እሷም እዚያ ሆና አለቀሰች። የሐኪም ቀጠሮ አስያዝኩ። ይህ ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው። ሰውየው ደግሞ ከዚያ ወዲህ ስለ ሰዓቱ አንድ ቃል አልተነፈሰም። የምጠይቀውን ይመልሳል፣ የምሰጠውን ይውጣል፣ በቃ።

እሑድ ዕለት ምሳ በልተን እኔ ልብስ ሳጣጥፍ ባለቤቴ ወንበሩ ላይ ሆኖ ዝቅ ባለ ድምፅ «ነይ እስቲ» አለኝ። ሄድኩ። በእጁ ወደ ሰዓቱ አመለከተ።

6 ሰዓት ከምናምን ይላል። ስልኬን አወጣሁ፤ 8 ሰዓት ከ20 ነው።

«አየሽ?» አለኝ። እንደ ወቀሳ አልነበረም፤ ያ ነው የባሰብኝ።

አሁን ቀረብ ብዬ ሳየው ደቂቃዎቹም የተጎራረዱ ናቸው። 2 አናቱና እግሩ አለ፣ በቀኝ ትከሻው በኩል ግን ተቆርጧል። ባለቤቴ ከሩቅ የሚያነበው ትልቁን የሰዓት አሃዝ ብቻ ስለሆነ ይህን አላስተዋለም፤ ያ አሃዝ ደግሞ ፍጹም ጤነኛ 6 ነው የሚመስለው። ወዲያው የልጅ ልጄን አስጠራሁት። ሲመጣ አንዴ አየና «ዲስፕሌዩ ሞቷል፣ ነቅዬ ሌላ እቀይራለሁ» አለ።

እዚህ ላይ ነርስነቴ መጣ። ዲስፕሌዩ 12 እግር አለው። አሥራ ሁለቱንም አሙቆ መንቀል ቦርዱን ሊያበላሸው እንደሚችል የነገረኝ ራሱ ነው። የታመመው የቱ እንደሆነ ሳይታወቅ ቢላ አይነሳም አልኩት። «መጀመሪያ ሕመሙ የት የት እንዳለ ንገረኝ።»

ባለቤቴ ወረቀትና እርሳስ ጠየቀ። እያንዳንዱ አሃዝ ከሰባት ቀያይ ዘንጎች የተሠራ ነው፤ ከኤ እስከ ጂ ስም አላቸው። ኤ አናቷ ናት፣ ቢ ከላይ በቀኝ ያለችው፣ ሲ ከታች በቀኝ፣ እንዲህ እያለ ዞሮ ጂ መሐል ላይ የምትጋደመዋ ናት። ባለቤቴ በዚያች ትናንሽ በሆነች ጽሕፈቱ፣ እጁን በሌላው እጁ ደግፎ፣ ከ0 እስከ 9 ያሉትን አሃዞች በዘንግ ሣላቸው። ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀበት፤ ሁለታችንም ዝም ብለን ጠበቅነው። ከዚያ ከሁሉም ላይ ቢን ሰረዘ።

«8 ቢ ከጎደለችው 6 ነው። 9 ቢ ከጎደለችው 5 ነው» አለ። «ከአሥሩ አሃዞች ያቺ ዘንግ የማታስፈልጋቸው 5 እና 6 ብቻ ናቸው። ስለዚህ 8 እና 9 ሌላ ቁጥር ይሆናሉ፣ የቀሩት ይሰበራሉ። እኔ 7 ካየሁ በኋላ 6፣ ከዚያ 5 ያየሁት ለዚህ ነው።»

ልጁ አፉን ከፍቶ ያየዋል። እኔ ወደ ማድ ቤት ገብቼ ውሃ ጠጣሁ።

ስመለስ ወደ ምርመራው ገባን። የጠፋችው ቢ በአንድ አሃዝ ላይ ብቻ ብትሆን ኖሮ የዚያ አሃዝ የራሱ መብራት ተቃጥሏል ማለት ነበር፤ ያኔ ዲስፕሌዩን መቀየር ነው። አንድ አሃዝ ሙሉ በሙሉ ቢጨልም ጥፋቱ ያንን አሃዝ በሚያበራው ትራንዚስተር ወይም በጋራው እግሩ ላይ ይፈለጋል። የእኛ ግን በአራቱም አሃዞች ላይ ቢ ብቻ ነው የጠፋችው። አራት መብራት በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ቦታ አይሞትም። ክንድና እግር በአንድ ወገን ሲሰንፉ ጣት እንደማይመረመር ሁሉ፣ እዚህም መፈለግ ያለበት የጋራ መንገዱ ነው።

የጋራ መንገድ ያለው እንዲህ ስለሆነ ነው። አራቱ አሃዞች በአንድ ጊዜ አይበሩም። ቺፗ አንደኛውን ታበራለች፣ ታጠፋለች፣ ሁለተኛውን ታበራለች፤ ይህን በጣም ስለምታፈጥነው ዓይናችን ሁሉም በርተው የቆዩ ይመስለዋል። በስልክ ካሜራ ብታዩት አንዳንዴ ሲርገበገብ ይታያችኋል። ለዚህም ነው አራቱ ቢዎች አንድ ሽቦ የሚጋሩት፤ ሽቦው ከቺፗ ይነሳል፣ በአንድ ሬዚስተር ያልፋል፣ በዲስፕሌዩ አንድ እግር በኩል ይገባል። ከሦስቱ ቦታ በአንዱ ላይ ተበጥሷል ማለት ነው።

ግን ጠዋትና ማታ ለምን ልክ ይሆናል? ይህን የመለሰችው ፀሐይ ናት። የባለቤቴ መስኮት ወደ ምዕራብ ነው፤ ከቀኑ 7 ሰዓት ካለፈ በኋላ ፀሐይ ጠረጴዛዋ ላይ ትወድቃለች፣ ወደ 11 ሰዓት ከጎረቤት ፎቅ ጀርባ ትገባለች። በሙቀት የሚመጣና በቅዝቃዜ የሚጠፋ ሕመም በኤሌክትሮኒክስ ዘንድ የታወቀ ነው አሉ፤ ብየዳው ውስጥ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካለ ቦርዱ ሲሞቅና ሲለጠጥ ይከፈታል፣ ሲበርድ ይገጥማል። እኔ ሁልጊዜ የምደርሰው ከገጠመ በኋላ ነበር።

ሰዓቱን ወደ ሳሎን አምጥተን ጥቂት ሲቆይ ቢ ተመልሳ በራች። ልጁ የእናቱን ፀጉር ማድረቂያ አመጣና ከሩቅ ሞቅ ሞቅ አደረገው፤ በአራቱም ላይ ጠፋች። ቦርዱን ገልብጦ በእንጨት የጥርስ መጎርጎሪያ ብየዳዎቹን አንድ በአንድ በቀስታ ተጫነ። የቺፗ ጋ ምንም የለም። የሬዚስተሩ ጋ ምንም የለም። የዲስፕሌዩን አንዷን እግር ሲጫን ቢ ቦግ አለች፣ ሲለቅ ድርግም። (ይህን ያደረግነው ሰዓቱ የሚሠራው በስልክ ቻርጀር በ5 ቮልት ስለሆነ ነው። በቀጥታ በ220 ቮልት የሚሠራ ዕቃ ተከፍቶ ሶኬት ላይ እያለ እንዳትነካኩ፣ አደራ።)

ለማረጋገጥ ቻርጀሩን ነቅለን፣ ቺፗንም ከመቀመጫዋ አውጥተን በቴስተር ለካን። ቴስተሩ ዳዮድ መለኪያው ላይ ሲሆን ዘንጓን ራሷን በደብዛዛው ያበራታል። ቀዩን ጫፍ የአሃዙ የጋራ እግር ላይ፣ ጥቁሩን የቢ እግር ጫፍ ላይ ስናደርግ በአራቱም አሃዞች በራች፤ ዲስፕሌዩ ጤነኛ ነው። ጥቁሩን ከእግሯ አንስተን ሬዚስተሩ ላይ ስናደርገው ግን የለችም። በሁለቱ መካከል ያለችው ያቺው አንዲት ብየዳ ብቻ ናት። በማጉያ መነጽሬ አየኋት። ጎረቤቶቿ የሚያብረቀርቁ ትንንሽ ኮረብታዎች ናቸው፤ እሷ ግን ደብዛዛ፣ እንደ ዶቃ የተድቦለቦለች፣ በእግሩ ዙሪያ እንደ ቀለበት ስንጥቅ ያላት።

ልጁ ጆሮውን አከከና «እማማ፣ እዚች ጋ ስደርስ መብራት ጠፍቶ ነበር» አለ። መበየጃው እየበረደ ሳለ ይደርስልኛል ብሎ የመጨረሻዎቹን እግሮች በጥድፊያ ነካ ነካ አድርጓቸዋል። አልተቆጣሁትም። ብቻ የቀሩትንም አንድ በአንድ አሳየኝ አልኩት፤ ሌላ አንዲት ተጠርጣሪ አገኘን።

ማዳኑ ከምርመራው ያጠረ ነው። መበየጃው በደንብ ይግላል፣ ጫፉ በእርጥብ ስፖንጅ ይጠረጋል፣ ከዚያ እግሩንና ከሥሩ ያለውን የመዳብ ቀለበት በአንድነት ይነካል። ሊዱ የሚነካው መበየጃውን ሳይሆን የጋለውን እግር ነው። ሁለት ሦስት ሰከንድ፣ ከዚያ ሊዱን ማንሳት፣ መበየጃውን ማንሳት፣ እስኪረጋ አለመነካካት። ቀልጦ እንደ ትንሽ ተራራ ከወጣና ካብረቀረቀ ይዟል። ዶቃ ከሠራ አልያዘም። በሁለት እግሮች መካከል ድልድይ ከሠራ ደግሞ ሁለት ዘንጎች አብረው መብራት ይጀምራሉ፤ ያኔ ትርፉን መምጠጥ ነው።

ፀጉር ማድረቂያውን መልሰን ሞከርነው። አልጠፋችም። በማግስቱ ፀሐይዋ ሥር እስከ 11 ሰዓት ተቀምጬ ጠበቅኋት፤ አልጠፋችም።

ስለ ጠፍጣፋዋ ባትሪ እመለሳለሁ ብያችሁ ነበር። ልጁ ሰዓቱን ሲከፍት አውጥቶ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አኖራት፤ የሦስት ዓመቷ የልጅ ልጄ ደግሞ እግሩ ሥር ትጫወታለች። ተነሥቼ ኪሴ ከተትኳት። የሳንቲም መልክ ያላቸው እነዚህ ባትሪዎች ሕፃን ከዋጣቸውና ጉሮሮው ቧንቧ ላይ ከተጣበቁ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ክፉኛ ሊያቃጥሉት ይችላሉ፤ ያለቀባትም ብትሆን ትጎዳለች። ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ለማስመለስ አትሞክሩ፤ ይወጣል ብላችሁም አትጠብቁ፤ ወዲያውኑ ራጅ ወዳለበት ሆስፒታል። በመኪና ቁልፍ፣ በመዝሙር ካርድ፣ በሚዛን፣ በመጫወቻ ውስጥም አሉና ቤታችሁን እስቲ ዞር ዞር ብላችሁ እዩ።

የሐኪሙን ቀጠሮ አልሰረዝኩትም፤ ለሌላው ክትትሉ ይጠቅማል ብዬ ሄድን። ሐኪሙ «ማምታታት አለ ብለውኛል» ሲለው ባለቤቴ ያቺን ዘንጎች የሣለባትን ወረቀት ከኪሱ አወጣና ከ0 እስከ 9 አስረዳው። ሐኪሙ አሥር ደቂቃ ያህል አዳመጠው። ውጭ የተሰለፈው ሰው ምን እንዳለ እንጃ።

ስለ ራሴ ደግሞ ይህን ልናገር። በሥራ ዘመኔ የደም ግፊት መለኪያው እንግዳ ቁጥር ሲሰጠኝ በሌላ መለኪያ ሳልደግም ለሐኪም ሪፖርት አድርጌ አላውቅም። ቴርሞሜትሩን አራግፌ እደግም ነበር። አዲስ ለሚመጡ ነርሶችም ያስተማርኩት ይህንኑ ነው። የገዛ ባለቤቴ ሰዓቱ ተበላሸ ሲለኝ ግን ሰዓቱን በሌላ ሰዓት፣ እሱ ባለበት ሰዓት፣ አጠገቡ ተቀምጬ ማየት አላሰብኩም። ለልጄም ደውዬ ነገርኳት። «እማዬ፣ ይቅርታ ጠየቅሽው?» አለችኝ።

ጠይቄዋለሁ። ማታ ላይ ቁም ሣጥኑን ከፍቼ ሳጥኗን አወጣሁና ጠረጴዛዋ ላይ፣ ከሰዓቱ አጠገብ፣ በቀኝ እጁ በኩል መለስኳት። አያት፣ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ወደ ሰዓቱ ዞረ። 11:58 ይላል። «ሁለት ደቂቃ ይቀራል» አለኝና ውሃውን ወደ ራሱ አስጠጋ።

ሳሉን በሚቀጥለው ሳምንት።